ያልተናዘዘችው ስግደት

ትልቅ ስሆን ምን እንደምሆን ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ቁርጥ አድርጌ ወስኜ ነበር፤ ጫማ ጠባቂ። እንደ አክስቴ እንደ ፒልዬ።

መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ። በእኛ መንደር ከዚያ የሚበልጥ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር። መንደራችን ተራራው ብብት ውስጥ የተሸጎጠች የሸክላ ሠሪዎች መንደር ናት። ቅድመ አያቶቻችን በሃይማኖታቸው ሲሳደዱ ሸሽተው የገቡባት ስለሆነች ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁላችንም ክርስቲያኖች፣ ሁላችንም እጃችን ጭቃ ነው። ጃፓኖች ኮሪያን የያዙበት ዘመን ነበርና ሩዙን እነሱ ይወስዱታል፤ እኛ ማሽላችንን በልተን ጋናችንን እንሠራለን። ቄስ የለንም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይ አንዴ፣ ደግሞም በመኸር መጨረሻ ጎመን ለኪምቺ የሚቦካባቸው ጋኖቻችን ተሸጠው ሲያልቁ፣ ጺማሙ ፈረንጅ ቄስ ከከተማ ተራራውን እያለከለከ ይወጣል። ያን ጊዜ የእኛ ቤት ትልቁ ክፍል ቤተ ክርስቲያን ይሆናል፤ አባቴ ቶክሳም የምእመናኑ አለቃ ነዋ!

ሰው ሁሉ ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል። አክስቴ ብቻ አትገባም። ከበራፉ በታች ባለው ድንጋይ ላይ በጫማ ተከባ ትቀመጣለች። የገለባውን ጫማ ጭቃ በእንጨት ትፍቃለች፣ የጎማውን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጥንድ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ ትደረድረዋለች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ እግሩን ሰደድ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው። የቄሱን የቆዳ ጫማ ሳይቀር የምትነካው እሷ ናት! እኔ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተንበርክኬ፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ወለል ጉልበቴን እየጠበሰኝ፣ በወረቀቱ በር ቀዳዳ እሷን አያለሁ። ነፋስ ይነፍስላታል። የተቆላ አኩሪ አተር ትቆረጥማለች። ቅናት አንጀቴን ይበላኛል።

አንዳንዴ ሾልኬ እወጣና ታስተምረኛለች። «ይሄን አየሽው? ተረከዙ በአንድ ጎን ብቻ አልቋል። የባርባራ ነው፤ ስትሄድ ትንሻፈፋለች። ይሄ ደግሞ የአባትሽ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አያልቅም። የማይጎብጥ ሰው ጫማ አያልቅም» ትልና ብቻዋን ትስቃለች። የአባቴን ጫማ ከሁሉ አስበልጣ ስትጠርግ አይቻለሁ።

«እዚያ ያስቀመጣት ማን ነው?» አልኳት አንድ ቀን እናቴን።

እናቴ ጎመኑን ማጠብ አቆመች። «አባትሽ ነው» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ኩራት ሊገድለኝ! አባቴ ሰው ይሾማል፤ የሾመውም የገዛ እህቱን ነው። ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። አክስቴ ስታረጅ ቦታውን ለእኔ እንደምታወርሰኝም ከራሴ ጨምሬ ነገርኳቸው።

አሁን የዚያን ጊዜዋን አክስቴን በዕድሜ በልጫታለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን በስሙ ልጥራው። አክስቴ ወጣት ሳለች ጋን በራሷ ተሸክማ ወደ ሜዳው መንደሮች እየወረደች በእህል ትለውጥ ነበር። እዚያ አንድ ገበሬ ወደዳት፤ ወደደችው። ክርስቲያን አልነበረም፤ አገባችው። ብዙም ሳይቆዩ ተስቦ ገደለው። የሙት ዓመቱ ሲደርስ በቤቱ የቀሩት እሷና ዓይነ ስውር አማቷ ብቻ ነበሩ። በአገራችን ልማድ ለሙት ገበታ ተዘርግቶ፣ ሩዝና ሾርባ ቀርቦለት፣ ግንባር መሬት እስኪነካ ይሰገድለታል። ለእኛ ለክርስቲያኖች ግን ይህ ነፍስ የሚገድል ኃጢአት ነበር፤ ጣዖት ማምለክ። አማቷ «ልጄን የሚያስታውሰው አንድ ሰው ጠፋ?» ብላ ስታለቅስ፣ አክስቴ ሩዙን ቀቀለች፣ ገበታውን ዘረጋች፣ ሰገደች። ወሬው ተራራውን ወጣ። ለፈረንጁ ቄስ የነገረው አባቴ ነው። አለቃ ስለሆነ መንገር ግዴታው ነበር።

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ። «በምእመናኑ ፊት ተጸጽቻለሁ በይና ትቆርቢያለሽ» አላት። እሷም «አባ፣ ሌላ ምንም በይ ይበሉኝ፣ እላለሁ። ያበላኝን ሰው አጎንብሼ ሸኘሁት፤ ለዚህ አልጸጸትም» አለችው። በዚያው ደጅ ቀረች። አማቷን ቀብራ ወደ እኛ ግቢ ተመለሰች። ከአባቴ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች፣ ከአንድ ድስት ትበላለች፤ ቄሱ ሲመጣ ግን ድንጋይዋ ላይ ትቀመጣለች። ጫማውን ጥረጊ ብሎ ያዘዛት የለም። እጇን አጣጥፋ ከመቀመጥ ብላ ነው።

የዚያን ዓመት መኸር አክስቴ ማሳል ጀመረች። እኔ የእቶኑ ጢስ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴና አባቴ ጋኖቹን አመድ ባለበት ውሃ እየቀቡ ሲያወሩ ከክምሩ ጀርባ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ይህን ብርድ የምታልፈው አልመሰለኝም» አለች እናቴ። «ደጅ እንዳለች ብትሞትስ? የት ልትቀብራት ነው?»

አባቴ መቀባቱን ቀጠለ።

«አንተን እኮ ነው! ኮረብታው ላይ ከእናት አባቷ ጎን ነው ወይስ እንደ ውሻ ጫካ ውስጥ?»

«አንድ ቃል ናት» አለ አባቴ። «ተጸጸትኩ። አንድ ቃል! እኔ እንድትገባ የማልፈልግ መስሎሽ ነው?»

«ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች። መቁረብ ናፍቋታል።»

«ታዲያ ትበለዋ!» ብሎ አባቴ የያዘውን ጋን ትቶ ሄደ።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አክስቴን ድንጋዩ ላይ ብርድ መቷታል፤ ያው ብርድ እዚያው ደጅ ሊገድላት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው ብዬ የራሴን የገለባ ምንጣፍ ተሸክሜ ሄድኩና ድንጋዩ ላይ አነጠፍኩላት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

«ሥራሽ ላይ እንዳትሞቺ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳል እስኪያፍናት ሳቀች። «አይዞሽ ኦክቡን» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች፤ «እዚህ አልሞትም። እዚያ ውስጥ እገባለሁ። ግን በእግሬ ነው እንጂ በደረቴ እየተሳብኩ አይደለም።»

ለምን መግባት እንደፈለገች አልገባኝም። ውስጥ ምን አለና?

ፈረንጁ ስላረጀ በዚያ መኸር ሌላ ቄስ መጣ፤ አባ ሺን የሚባል የአገራችን ልጅ፣ ጺሙ እንኳ በቅጡ ያላበቀለ፣ ሲናገር ጆሮው የሚቀላ። እንደደረሰ እንደ ደንቡ ልጆቹን ሰብስቦ ትምህርታችንን ጠየቀን። ተራዬ ሲደርስ ነፍስ የሚገድሉ ኃጢአቶችን ቁጠሪ አለኝ። አባቴ ከጀርባዬ ቆሟል። እኔም በአንድ ትንፋሽ «ጣዖት ማምለክ፣ ሰው መግደል፣ መስረቅ፣ ለሙት ገበታ መስገድ...» ብዬ ስንደረደር ቄሱ እጁን አነሳ።

«የመጨረሻዋን... የመጨረሻዋን ነገ እናወራባታለን» አለ፤ ጆሮው ቀላ።

ተሳስቼ መስሎኝ ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴም ግራ ገብቶት ቄሱን ያያል።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ለመቁረብ ብሎ ጾሙን ነው። ላብና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አክስቴ ምንጣፌ ላይ ተቀምጣ ጫማ መደርደር ጀምራለች። አባ ሺን ሰውን ለንስሐ ከመጥራቱ በፊት ተነስቶ ቆመና «ከሮም፣ ከጳጳሱ የመጣ ቃል አለ» አለ። እኔ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ በራሴ ላይ አለፈ። ለሙታን ስለ መስገድ ነው የሚያወራው። «የአምልኮ ስግደት አይደለም፣ የአክብሮት ነው፤ ልጅ ወላጁን የሚያከብርበት የአገር ልማድ ነው ተብሏል» አለ። «ከእንግዲህ ኃጢአት አይደለም።»

ሰው ሁሉ ክው አለ። ከዚያ አባቴ ተነሳ። እንዲህ ባለ ቀን አባቴ ከጸሎት በቀር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ከእንግዲህ?» አለ። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ ማለት ምን ማለት ነው? እስከ ትናንትስ?»

«እስከ ትናንት... ተከልክሎ ነበር።»

«አያቴን አንገታቸውን የቀሏቸው እኮ በዚህ ነው! ዳኛው ‹ለአባትህ መቃብር አንድ ጊዜ ስገድና ወደ ልጆችህ ሂድ› አላቸው። አንድ ጊዜ! አልሰግድም ብለው ሞቱ። አባቴ ያለ አባት ያደገው በዚች አንዲት ስግደት ነው። እኔስ...» ወደ በሩ አየ። «እኔስ የገዛ እህቴን ደጅ ያስቀመጥኳት በምን ሆነና ነው?»

«አያትዎ ሰማዕት ናቸው» አለ አባ ሺን። «ያኔ መስገድ ማለት እምነትን መካድ ነበር። ዛሬ ግን ትርጉሙ...»

«ትርጉሙ ተለወጠ? የፈሰሰው ደምስ ይለወጣል?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። አሁን በምሄድበት ደብር የመኸሩ የቹሶክ በዓል ሲደርስ ለሙታን ገበታ የሚዘረጋው እዚያው መቅደሱ ፊት ነው፤ ቀድሞ የሚሰግደውም ቄሱ ራሱ ነው። ወጣቶቹ «ያምራል አይደል፣ እማማ?» ይሉኛል። ያምራል። እኔ ግን ወደ ገሃነም ይወስዳል የተባለ ነገር በአንድ ጠዋት ምንም ሆኖ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «ይህ ኃጢአት ነው» ሲለኝ «እስከ መቼ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይቆጣሉ። ይቆጡ!

አባ ሺን ከአባቴ ዓይን መሸሻ ሲያጣ ወደ በሩ ዞረ። «ደጅ ያሉት እናት ይግቡ» አለ። «ንስሐ ገብተው ይቁረቡ። ያንን ቦታ ይልቀቁ፤ ከእንግዲህ እዚያ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም።»

ደሜ ፈላ። የስግደቱ ነገር ጉዳዬ አልነበረም፤ ይሄኛው ግን በደንብ ገባኝ። አዲሱ ቄስ አክስቴን ሊሽራት ነው! እሷን መሻሩ አልበቃ ብሎት ሹመቱን ራሱን ሊያጠፋው ነው፤ እኔስ ምን ልሆን ነው? ብድግ ብዬ ጮህኩ።

«አትለቅም! ይሄን ሁሉ ዓመት ጫማችሁን ስትጠርግ ማን ምን አላት? ያስቀመጣት አባቴ ነው! ምንም አላጠፋችም!»

እናቴ አፌን ልትይዘኝ እጇን ዘርግታ መንገድ ላይ ተወችው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ የፈሩኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። አባቴ ቁጭ አለ።

በሩ ተከፈተ። አክስቴ ናት፤ ፊቷ ከብርዱ የተነሳ ቀልቷል።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች። «ምንም አላጠፋሁም። ግን እገባለሁ አባ። ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

ንስሐ የሚገባው ከትልቁ ክፍል ጎን ባለችው የእህል ጓዳ ውስጥ ነበር፤ የሚለያት አንድ የወረቀት በር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ሲገባ ያንሾካሹካል። አክስቴ ግን ጋን ትሸጥበት በነበረው ድምፅ ጀመረች።

«አባ ይፍቱኝ! ወንድሜን በሆዴ ረግሜዋለሁ፤ አንድ ጊዜም አይደል!»

«ቀስ ይበሉ እናቴ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የተሰነጠቀ ጋን በሰም ደፍኜ ለሜዳ ሰዎች ሸጫለሁ። የጎረቤቴን የባርባራን ዶሮ ጎመኔን ስትለቅምብኝ በድንጋይ መትቼ ገድያት፣ ቀበሮ በላት ብያለሁ።»

«አንቺ ነሻ! እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር!» አለች ባርባራ ከመካከላችን። ሳቅ እዚህም እዚያም አፈተለከ።

«ዓርብ ሥጋ በልቻለሁ። እግዚአብሔርንም ተቀይሜዋለሁ፤ ባሌን ሲወስድብኝ ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። ለዚህ ሁሉ ተጸጽቻለሁ። ጨረስኩ።»

ሳቁ ቆመ። የአባ ሺን ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «ያኛውስ?»

«የቱ?»

«ለባልዎ የሰገዱት።»

«አሁን ኃጢአት አይደለም አላሉም?»

«ዛሬ አይደለም። ያኔ ግን ተከልክሎ ነበር። አለመታዘዝዎ እንኳ...»

«አባ» አለች አክስቴ። አሁን አልጮኸችም፤ ግን የሚተነፍስ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም ሰማናት። «ቁርባን ምን ያህል እንደራበኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ሞቴም ሩቅ አይደለም፤ ሳሌን እየሰሙት ነው። ይህችን ቃል ብላት ይለቁኛል። ግን ውሸት ናት። ከስንት ዓመት በኋላ አፌን ከፍቼ በውሸት ልቀበለው? ኃጢአት ከሆነ የጠዋቱን ቃልዎን መልሰው ይውሰዱት። ካልሆነ ይፍቱኝና እንሂድ፤ ሰው በጾሙ ነው ያለው።»

እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። አባቴን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልየው ቃሏን እንድትል ይሁን እንዳትል እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እግዚአብሔር ይፍታዎት» አለ ቄሱ በመጨረሻ።

ስትቆርብ አየኋት። ቀጥ ብላ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እኔም አለቀስኩ፤ የወደፊት ሥራዬ ጠፍቶ ነዋ! ባርባራ ግን በአክስቴ ደስታ የማለቅስ መስሏት ጸጉሬን ዳበሰችኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሾርባውን ሲከበው አባቴ አልነበረም። አክስቴ እጄን ይዛ ወጣች። ኮረብታው ላይ አገኘነው፤ ራሳቸው የተቆረጠው ቅድመ አያቴ መቃብር ፊት ቆሟል።

«እትዬ» አለ ሳይዞር፤ «ቃሏን ብትያት ምን ነበረበት? ብትያት ኖሮ እሳቸው በከንቱ ሞቱ የሚል ሐሳብ አይመጣብኝም ነበር።»

«በከንቱ አልሞቱም» አለች አክስቴ። ቁልቁለቱ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሊያስክዷቸው ሲሞክሩ አልክድም አሉ። እኔንም ስታስክዱኝ አልክድም አልኩ። ያንተ አያት የእኔም አያት ናቸው ቶክሳም። በማን የወጣሁ መስሎህ ነው?»

እሷ ተነሳች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ ሁለት እጆቿን ግንባሯ ላይ አነባብራ ቀስ ብላ ዝቅ፣ ዝቅ እያለች ሙሉውን ስግደት ለቅድመ አያቴ ሰገደች። እኔም አጠገቧ ተደፋሁ፤ እንዴት እንደሚሰገድ ስለማላውቅ አፍንጫዬን አፈር አስነካሁት።

«ምን ማድረግሽ ነው!» አለ አባቴ። «ለእሳቸው? በዚህ ለሞቱት ሰው?»

«ካልወደዱት ሰማይ ቤት ስንገናኝ ይቆጡኛል። ና አንተም።»

«እኔ አልሰግድም።»

«አትስገድ» አለች አክስቴ ከጉልበቷ ላይ አፈሩን እያራገፈች። «አልሰግድም ያለን ሰው ደጅ አላስቀምጥም። ያንን እናንተው ታውቁበታላችሁ።»

አባቴ ያን ጊዜ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ እኔም ሰገድኩ ብሎ ተናዶብኝ ነው ብዬ ከአክስቴ ጀርባ ተደበቅኩ።

አክስቴ ያን ብርድ አላለፈችውም። አባቴ በገዛ እጁ ከእናት አባቷ ጎን ቆፍሮ ቀበራት። እሱ ብዙ ኖረ፤ ቄሱ ሲሰግድ፣ መንደሩ ሲሰግድ፣ እሱ ግን ለማንም ሙት ሳይሰግድ ኖረ። ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰበሰበንና «ለእኔም እንዳትሰግዱልኝ» አለን። ወንድሞቼ ሰው ምን ይለናል ብለው ይሰግዱለታል። እኔ አልሰግድለትም። ለአክስቴ መሬት እስክነካ እሰግዳለሁ፤ ከዚያ ወደ አባቴ መቃብር ሄጄ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። የወገቤ ሕመም እንኳ ያን ሰዓት አያጎብጠኝም።

ባለፈው ቹሶክ የልጅ ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«አያቴ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ ነው። ለገዛ አባትሽ አለመስገድ ኃጢአት አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አልኳት። «ነው የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።»